የሚስስ ጓን ቁጥር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ቤት ስሄድ በር አላንኳኳም። ገና ከደጅ እያወራሁ፣ ወሬ ካጣሁም እየዘመርኩ ሰተት ብዬ እገባለሁ። ልጄ ይህን ጠባዬን አትወድም። "ማሚ፣ ኖክ ፈርስት!" ትለኛለች። "ሌባ እየዘመረ ሲገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?" እላታለሁ። እሷ ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በር ማንኳኳት ሰውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሥራ ላይ አይቻለሁ፤ ድንጋጤው ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ላቀች እባላለሁ። የተወለድኩት ሆሳዕና አጠገብ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ስይዝ አነጋገሬን እየደገሙ የሚስቁብኝ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ሜልበርን የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በኬንያ በኩል ነው። በመጀመሪያ የተቀጠርኩት ዶሮ ፋብሪካ ነበር። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ማታ ቤቴ ስገባ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ከዚያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆንኩ። አለቃዬ የበሩን አናት በጣቷ ጠርጋ፣ አቧራውን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ "ይህ ምንድነው?" የምትል ሴት ነበረች። አንድ ቀን "አቧራ ነው" አልኳት። በሳምንቱ ሌላ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ።

እንዲህ ነው ማሪቢርኖንግ ወንዝ አጠገብ ወዳለ አንድ የአረጋውያን ቤት የደረስኩት። መጀመሪያ ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አስገቡኝ፤ በኋላ አጭር ኮርስ ወሰድኩና አረጋውያኑን ወደ መንከባከቡ ተዛወርኩ። ደመወዙ ከዶሮው ብዙም አይሻልም። ግን ቤቱ ይሞቃል፣ ከሰው ጋር ያውላል፣ ከሁሉም በላይ ዶሪስ ነበረች።

ዶሪስ የማልታ ሰው ናት። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ዕድሜዋን በዚያ ሥራ የጨረሰች ሴት። ስሜን መጥራት ሲያቅታት "ላኪ" አለችኝ። በእንግሊዝኛ እድለኛ ማለት ነው፤ በእኛ ላኪ ማለት ሌላ መሆኑን ስነግራት "እንግዲያው ሂጂና ፎጣ ላኪልኝ" ብላ ሳቀችብኝ። ሥራውን ከኮርሱ ይልቅ የተማርኩት ከእሷ ነው። እጇን በሙቅ ውሃ ሳታሞቅ ሰው አትነካም። ፊት ስታጥብ ሳሙና የለም፤ ከዓይን ትጀምራለች፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ። ልብስ ስታለብስ የደከመውን ክንድ ታስቀድማለች፣ ስታወልቅ የደከመውን መጨረሻ ታደርጋለች። ሰው ስታገላብጥ ሥጋውን አትጎትትም፤ ከሥሩ የተነጠፈውን አንሶላ ጠቅልላ ይዛ ሰውየውን በአንሶላው ታዞረዋለች። ስትጨርስ አንሶላው ላይ አንድ መጨማደድ ካየች እንደገና ትጀምራለች፤ "አንቺ መጨማደዱን አታይውም፣ የእሱ ጀርባ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያየዋል" ትለኝ ነበር።

ከሁሉ የምትጠነቀቀው ግን በር ላይ ነው። በአንድ ጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች። በሩን ትከፍትና ደፉ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ውስጥ ያለው ሰው ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ አንድ እግሯን እንኳ አታስገባም።

"ላኪ፣ እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው፣ ድመታቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ነው የመጡት። የቀራቸው ይህ በር ብቻ ነው። ግቢ ሳይሉሽ እንዳትገቢ" አለችኝ።

አልረሳሁትም። እኔም እንደ እሷ በአንድ ጣት ማንኳኳት ለመድኩ፤ እንደ እሷ ደፉ ላይ መቆም ለመድኩ።

ሚስስ ጓን የመጡት በአንድ ክረምት ነው። ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ቀጭን፣ ጽድት ያሉ አሮጊት ናቸው። ፍሌሚንግተን ከሚገኙት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ከልጃቸው ጋር ሲኖሩ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ልጃቸው ሜይ ራሷ ስድሳን አልፋለች። ቤቷ ሆና ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው፤ መኪና አትነዳም፤ በየቀኑ ግን በትራም እየመጣች ምሳ ታበላቸዋለች። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ነበር፣ አንቱ የሚያሰኝ አቀማመጥ ነበራቸው።

አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባን። አንኳኩተን ደፉ ላይ ስንቆም ሚስስ ጓን ቀና ይላሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ጥርት አድርገው "ሎው በ ሎው ስ ሎው" ይላሉ። ብለው ሲያበቁ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ዶሪስ "እንደምን አደራችሁ ማለታቸው ነው" አለች። ድምፅ ስለሰማች ተጋበዝኩ ብላ ትገባለች፤ እኔም እከተላታለሁ።

እያደር መብላት ተዉ። ስናንኳኳ ልብሳቸው ላይ ይሸናሉ፤ ልናነሣቸው ስንል የአልጋውን ብረት ሙጭጭ አድርገው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። ክብደታቸው ወረደ። ዶሪስ ተጨነቀችና የበለጠ ጨዋ ሆነች። ቀስ ብላ ታንኳኳለች፣ በሩ ላይ የበለጠ ትቆያለች፣ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች።

በመጨረሻ የስልክ አስተርጓሚ ቡክ አደረግን። እኔና አስቴር ነበርን ክፍሉ ውስጥ። አስቴር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንካፈል እህቴ ናት፤ ሥራውንም ያስገባኋት እኔ ነኝ። ሚስስ ጓን ያችን ነገር ሲሏት አስተርጓሚው በስልኩ ሰማና ሳቀ።

"ቁጥር ነው የሚቆጥሩት፣ በደቡብ በታላቁ ወንዝ ዳር ሰዎች አነጋገር ነው" አለ። "ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ማለት ነው። እኔ የቤይጂንግ ልጅ ነኝ፣ እኛ ልዩ ባይ ልዩ ሺ ልዩ ነው የምንለው።"

አስቴር ከወንበሯ ተነሣች። እኔም ክው አልኩ። ይህ ቁጥር በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለአማኝ መንገር አያስፈልግም። ዘጠና ሊሞላቸው የደረሱ፣ አንድም ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሴት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የአውሬውን ቁጥር ሲጠሩ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ከአልጋቸው ሥር ቆሜ እሺ እሺ እያልኩ ፊታቸውን ሳጥብ ከርሜያለሁ።

ኮሪደር ላይ አስቴር ክንዴን ያዘችኝ። "ላቀች፣ ሰማሽው አይደል? እኔ እዚያ ክፍል አልገባም።"

"አሮጊት ናቸው እኮ አስቴር።"

"ቢሆኑስ? ሺፍት ስዋፕ አድርጊልኝ፣ የአንቺን ሰንደይ እሠራልሻለሁ።"

በነጋታው ግን ማንም ሳይጠራት መጣች። አንኳኳች፣ በሩን ከፈተች፣ ደፉ ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ "በኢየሱስ ስም! ልቀቃት!" ማለት ጀመረች። ሚስስ ጓን ከአልጋቸው ሆነው ቁጥሩን መለሱላት። አስቴር ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ እሳቸውም ከፍ አደረጉ። እኔ ሮጬ ስደርስ ሁለቱም ይጮኹ ነበር። አልስቅባትም፤ እኔም በዚያ ሰሞን "የኢየሱስ ደም" ሳልል ወደዚያ ክፍል አልገባም ነበር።

አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥር፣ ለመግባባት ብዬ፣ አስተርጓሚው እንዳለው "ልዩ ባይ ልዩ" አልኳቸው። ለአፌ የሚቀርበኝ እሱ ነበር፤ ልዩ የኛው ቃል ነው። ፊታቸው ደም አጣ። አገጬን በሁለት እጃቸው ያዙና "ሎው" አሉኝ። "ሎው" አልኩ። "ሎው!" አሉኝ። ትክክል እስክለው ድረስ አልለቀቁኝም፤ ሲለቁኝ እንባቸው ይወርድ ነበር። አስተማሪ የነበሩ መሰለኝ፣ በተማሪያቸው ድክመት ያዘኑ።

ከዚያ ሐኪሙ መጣ። ወጣት፣ ትሁት ሰው ነው። አእምሯቸው ምን ያህል እንደደከመ ሊመዝን ነበር የመጣው፤ በስልክ አስተርጓሚ አስይዟል፣ ያው የቤይጂንጉን ሰው። ሚስስ ጓንን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ሐኪሙ ፊት ለፊታቸው ቆመ፤ እኔና ዶሪስ ዩኒፎርማችንን ለብሰን በሩ ላይ ቆመን። "እኔ የምለውን ከኋላዬ ይድገሙ በላቸው" አለ። አስተርጓሚው በዚያ በሰሜን አነጋገሩ ተናገረ። "አሁን ደግሞ ቁጥር ይቁጠሩ በላቸው።"

ሚስስ ጓን ከወንበራቸው ተነሡ። በዚያ በተሰበረ ዳሌ ለመንበርከክ ሞከሩና በግንባራቸው ወለሉ ላይ ተደፉ። ደም ፈሰሰ። እዚያው ተደፍተው፣ ወለሉን እየነኩ፣ ሎው በ ሎው ስ ሎው ይላሉ፤ ስናነሣቸው ይላሉ፣ ሐኪሙ ግንባራቸውን ሲሰፋላቸው ይላሉ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ብዙ ሰው በእጄ ላይ አርፏል። እንደዚያ ቀን የደነገጥኩበት ግን የለም።

ሐኪሙም ደንግጧል። የጻፈው ግን ሊጻፍ የሚችለውን ነው፦ እዚህ ሊያዙ አይችሉም፣ ሜልተን ወዳለው ዝግ ዋርድ ይዛወሩ፣ አልጋ እንደተገኘ። ሜልተን በዚያን ጊዜ ለሜይ ሌላ አገር ማለት ነው። ትራም የለ፣ መኪና የላት፤ ምሳ የሚበሉት ከእሷ እጅ ብቻ ነበር። ከሄዱ በረሃብ እንደሚሞቱ ሁላችንም ገብቶናል።

ለሜይ የነገርናት እኔና ዶሪስ ነን። አላለቀሰችም። ተነሥታ በሩን ዘጋች። ቀጥሎ መጋረጃውን ሳበች። ሜልበርን ነን፣ እኩለ ቀን ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ከሻይ ጋሪ በቀር ምንም የለም። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

"ስለ ሰዎቻችን እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም" አለች። "የቻይና ንጉሠ ነገሥታት ከሰሜን የመጡ ማንቹዎች ነበሩ። ወታደሮቻቸው ከነቤተሰባቸው በየከተማው የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። እናቴ የተወለደችው እዚያ ሰፈር ነው። የንጉሡ መንግሥት መውደቅ ሲጀምር አምስት ዓመቷ ነበር። ጓን የሚለው ስም እንኳ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።"

"ምን ሆነ?" አለች ዶሪስ።

"ወታደሮች ቤት ለቤት ማንቹ መፈለግ ጀመሩ። ሰዉ ሸሽቶ በየመንደሩ ተደብቋል፣ ልብሱን ቀይሯል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ያንኳኳሉ። ሲከፈት ደፉ ላይ ቆመው 'ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት በሉ' ይላሉ። የአገሩ ሰው ሎው ይላል። የሰሜን ዘር ደግሞ..." አለችና አቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

"ልዩ" አልኩ እኔ። ጅራፍ የነካት ያህል ሸሸች።

"የእናትሽ እናትስ?" አልኳት።

"አንዲት ልብስ አጣቢ ደብቃቸው ነበር። አያቴ ሌሊቱን ሙሉ ልጇን ስታለማምድ አደረች። ልጅ ቶሎ ይይዛል። የራሷ ምላስ ግን እምቢ አላት። ጠዋት መጡ። እናቴ ሎው አለች። አያቴ..." ሜይ እጇን አገላበጠች። "ያሳደገቻት ልብስ አጣቢዋ ናት። እኔንም እናቴ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በየጠዋቱ ታስብለኝ ነበር። ካልተሳካልኝ በጥፊ ትመታኛለች። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ አገር ለቀን ሆንግ ኮንግ ከገባን በኋላ ነው።"

"እሺ፣ ለእሳቸው ምን ብንላቸው ይሻላል?" አልኳት። "ትክክል ብለዋል፣ እለፉ የሚባልበት ቃል አስተምሪን። ወታደሮቹ ላለፈ ሰው ምን ነበር የሚሉት?"

ሜይ ትንሽ አሰበች። "ምንም። ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ።"

ዶሪስ በሥራ ዘመኗ ሁሉ የበሽተኛ አልጋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ያን ቀን ተቀመጠች። አንድ ጣቷን፣ የምታንኳኳበትን፣ በሌላ እጇ ጨብጣ ይዛ ነበር። "በየቀኑ" አለች። "በየቀኑ እኮ ነው ያንኳኳሁት። በሩ ላይ ቆሜ እንዲናገሩ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።" ያን የመሰለ ጨዋነት ለእኚህ ሴት ወታደሮቹ የተመለሱ ሆኖ ነበር የታያቸው። እኛ ደግሞ ሲናገሩ እየሰማን፣ ተፈቀደልን ብለን በደስታ እንገባ ነበር። አገጬን የያዙኝ ለምን እንደሆነ የገባኝም ያን ጊዜ ነው፤ እኔን ሊያተርፉኝ ነበር።

ማታ ቤቴ ሄጄ መብላት አቃተኝ። የእኛም ንጉሥ ሲወርዱ ተማሪ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ወጥተን ጨፍረናል። ንጉሥ መውረድ ለእኔ በሬዲዮ የሚነገር፣ በማግስቱ የሚያልፍ ነገር ነበር። እዚህ ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ፣ ከባሕር ማዶ፣ በአንዲት አሮጊት ብርድ ልብስ ሥር ሳያልፍ ተቀምጧል።

በነጋታው ዶሪስ ማናጀሩ ቢሮ ገባች። ሰውየው አዲስ ነው፣ ደንብ ይወዳል። "ሳያንኳኩ መግባት የነዋሪውን መብት መንካት ነው" አላት። "ለሌላው ሁሉ እውነትህን ነው፤ ለእሳቸው ማንኳኳት ጠመንጃ መደቀን ነው" አለችው። ብዙ ተከራከሩና ሐኪሙ እስኪመለስ ድረስ ፈቀደላት። ዶሪስ የገዛ ልማዷን ከእጇ ለማስለቀቅ ብዙ ታገለች፤ ጣቷ ራሱ ወደ በሩ እየተነሣባት በሌላ እጇ ስትይዘው አይቻለሁ። በሩ ክፍት ሆኖ እንዲውል አደረግን። ከኮሪደሩ ጀምረን እያወራን እንመጣለን፣ ደፉ ላይ ለቅጽበት እንኳ አንቆምም፣ በዩኒፎርማችን ላይ ሹራብ እንደርባለን፣ ገብተን ዝቅ ብለን ከጉልበታቸው በታች እንቀመጣለን። ነገሩን ለአስቴርም ነገርኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ከሁላችንም በላይ በደንብ የሚሰማው የእሷ መዝሙር ሆነ፤ ገና ከላውንድሪ ስትነሣ ትጀምራለች፣ ሚስስ ጓን እሷ መሆኗን አውቀው ይጠብቃሉ።

ቁጥሩ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። መብላት ጀመሩ። ሐኪሙ ሲመለስ ከሜይ ጋር እያወራ ገባ፤ ስልክ አልያዘም፣ ምንም አልጠየቀም። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሚስስ ጓን ከብርቱካናቸው ግማሹን ሰጡት፤ በላ። የሜልተኑ ነገር በዚያው ቀረ።

በዚያ ሰሞን ለጥየቃ ፍሌሚንግተን ሄጄ ሊፍት ውስጥ ከአንድ ያገሬ ሰው ጋር ተገናኘን። ሰላም ከተባባልን በኋላ "የየት አገር ልጅ ነሽ?" አለኝ። ሳልመልስለት ሳቀና "ተይው፣ ከአነጋገርሽ ያስታውቃል" አለ። ክፋት አልነበረበትም። ድሮ ብሆን አብሬው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ሊፍቱ ሲከፈት ፎቁ የእኔ አለመሆኑን እያወቅሁ ወረድኩ፣ የቀረውን በደረጃ ወጣሁት።

ሚስስ ጓን በሚቀጥለው ክረምት ሳንባቸው ታመመ። ሐኪም ቤት አይወሰዱ፣ እዚሁ ይረፉ ተባለ። ሜይ አጠገባቸው ነበረች፤ እኔ በእርጥብ ጥጥ ከንፈራቸውን አርሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ዓይናቸውን ገለጡ። አዩኝ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። በቀጭን፣ የሕፃን በሚመስል ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ "ልዩ ባይ ልዩ ሺ ልዩ" አሉ።

ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ሜይም በዕድሜዋ ሙሉ ሰምታው አታውቅም። እጇ ከእሷ ቀድሞ ተወርውሮ የእናቷን አፍ ከደነ። ዓይኗ ግን ወደ እናቷ አልሄደም፤ ወደ በሩ ነበር።

በሩ ላይ ማንም የለም። ሜይ እጇን አነሣችና ጣቶቿን ማመን እንዳቃታት ሰው አየቻቸው። "በእናቷ አነጋገር ነው እኮ ያለችው" አለችኝ። "እናቷን ነው የጠራችው፣ እኔ አፏን ከደንኩት።" ጎንበስ ብላ አፏን ከጆሯቸው አስጠጋች። በዚያው አነጋገር ልትመልስላቸው፣ ሰምቼሻለሁ ልትላቸው ፈልጋ ነው። የወጣው "ሎው" ነው። ምላሷን ሰብስባ እንደገና ሞከረች፤ ሎው። እያለቀሰች ደጋገመችው፣ ሎው፣ ሎው፣ ሌላ ሊወጣት አልቻለም።

ሚስስ ጓን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። ልጃቸው አለመሳሳቷን ሲያረጋግጡ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።